ሽማግሌ ሳይላክ የገባ መልእክት፦ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጀመር ትውውቅና የአጥቢያው ኃላፊነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በፎገራ ሜዳ ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል። ምርቱ ተሸጦ ገንዘብ ወደ ቤት ሲገባ ጾመ ነቢያት ያበቃል፤ ልደትና ጥምቀት ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ጥቂት ሳምንታት የሠርግ ሳምንታት ይሆናሉ። በወረታ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች የጋብቻ ጥያቄ ወደ ካህኑና ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ተደራርቦ የሚመጣው በዚህ ወቅት ነው። ጊዜው አጭር፣ ዝግጅቱ ብዙ ነው። ጠላው ከተጠነሰሰና ዘመድ ከተጠራ በኋላ «ይህን ሰው በእርግጥ ታውቂዋለሽን?» ብሎ መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂዋም ይከብዳል።

ቀድሞ ይህ ጥያቄ ሠርጉ ደጅ እስኪደርስ አይቆይም ነበር፤ ሽማግሌዎች ከብዙ ጊዜ አስቀድመው ጠይቀው ይጨርሱት ነበርና። ዛሬ ግን «ማን አገናኛችሁ?» ተብለው የሚጠየቁ ወጣቶች «በቴሌግራም ተዋወቅን»፣ «ፎቶዋን በፌስቡክ አይቼ ጻፍኩላት»፣ «በኢሞ ነው የምንነጋገረው፣ እርሷ ዐረብ አገር ናት» የሚል መልስ መስጠታቸው የተለመደ ሆኗል። መልሱ ካህኑን ያስደነግጠው ይሆናል፤ ድንጋጤ ግን ምክር አይሆንም። የዚህ ትምህርት ዓላማም ስልክን ማውገዝ ሳይሆን በስልክ የተጀመረ ትውውቅ ወደ እውነተኛ ጋብቻ እንዲደርስ፣ ወደ ጥፋት የሚያመራውም በጊዜ እንዲታወቅ አጥቢያው ምን ሊሠራ እንደሚችል ማመልከት ነው።

፩. ሽማግሌው ምን ይሠራ ነበር?

የጠፋውን ለመተካት አስቀድሞ የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአካባቢያችን ልማድ ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ ሦስት ሥራዎችን በአንድነት ይሠራ ነበር። የመጀመሪያው ማስተዋወቅ ነው፤ ሁለት ቤተሰቦችን ያገናኛል። ሁለተኛው ማጣራት ነው፤ ዝምድናው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የልጁ ጠባይ፣ የቤቱ ሁኔታ፣ ዕዳ ያለበትና የሌለበት መሆኑ፣ ቀድሞ ያገባ እንደ ሆነም እንዴት እንደ ተለያየ ይጠየቃል። ሦስተኛው መካከለኛነት ነው፤ ነገ በትዳሩ መካከል ጠብ ቢነሣ «እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት» ተብለው የሚጠሩት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው።

ይህ ሥርዓት መልካም የመሆኑን ያህል አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ ልጅቱን አይጠይቅም ነበር። ስለ ዘር፣ ስለ ከብትና ስለ መሬት ብዙ ተነጋግሮ፣ ስለ እርሷ ፈቃድ ሳይናገር የሚያልቅ ሽምግልና ብዙ ነበር። ዕድሜዋም አይጠየቅም ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። የአማራ ክልልም ሴቶች ቀድመው ከሚዳሩባቸው ክልሎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ «ወደ ቀድሞው እንመለስ» ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ከቀድሞው የሚወሰድ አለ፤ የሚተውም አለ።

፪. ስልኩ ምን ለወጠ?

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠለው መንገድ በእርሷ ይገናኛሉ። ከሜዳው የወጡ ልጆች ለትምህርት ወደ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር፣ ለሥራ ወደ መተማና ሁመራ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ቤሩት፣ ሪያድና ዱባይ ሄደዋል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ሜዳው ሲፈሱ፣ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ ለጣና ሐይቅ ቅርብ በሆኑ ቀበሌዎች መንገድ ይቆረጣል። እንዲህ በርቀትና በጎርፍ የተለያየ ሕዝብ በስልክ መገናኘቱ የሚጠበቅ ነው።

ስልኩ ከሽማግሌው ሦስት ሥራዎች አንዱን ብቻ ወሰደ፤ ማስተዋወቅን። ማጣራትንና መካከለኛነትን ግን የሚሠራ መተግበሪያ የለም። ፌስቡክ ፎቶ ያሳያል፤ ሰባት ቤት አይቆጥርም። ቴሌግራም መልእክት ያደርሳል፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ ቤት መጥቶ አያስታርቅም። የዘመናችን ችግር ወጣቶች በስልክ መተዋወቃቸው ብቻ አይደለም፤ ከትውውቁ በኋላ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ባለቤት አጥቶ መቅረቱ ነው።

በሌላ በኩል ስልኩ የቀድሞውን ጉድለት በከፊል ሞልቷል። ልጅቱ ራሷ ትጠየቃለች፤ ራሷ ትመልሳለች፤ «አልፈልግም» ለማለትም ዕድል አላት። ሁለቱ ስለ እምነታቸው፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ልጆችና ስለ ገንዘብ ከሠርግ በፊት መነጋገር ይችላሉ። ይህን መልካም ነገር ሳናይ ሁሉንም ብንነቅፍ ወጣቶቹ ትውውቃቸውን ይደብቁናል እንጂ አይተዉትም። የተደበቀን ነገር ደግሞ መምከር አይቻልም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ በመልእክት ብቻ የተሳሰሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ደኅንነት እንኳ ለማወቅ ተቸግረዋል። የአንዱን ቤተሰብ ሌላው የሚያውቅ፣ የአጥቢያውንም ስም የያዘ ግን በሰው ልኮ ይጠይቅ ነበር። ትውውቅ በስልክ ቢጀመርም በሰውና በቦታ ሊጸና እንደሚገባ ይህ ያስተምረናል።

፫. ከቅዱሳት መጻሕፍት የምንማረው

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣ ሎሌውን ወደ ሩቅ አገር ላከ። ሎሌው በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ሲጸልይ ምልክት አድርጎ የለመነው መልክን ሳይሆን ሥራን ነበር፤ ለእርሱ ውኃ ስትሰጠው ግመሎቹንም ለማጠጣት የምትፈቅደውን ፈለገ። ዐሥር የተጠሙ ግመሎችን ማጠጣት ቀላል ድካም አይደለም፤ ጠባይ የሚታይበት ሥራ ነው። ቀጥሎም ወደ ቤተሰቧ ገብቶ ማን እንደ ላከውና ለምን እንደ መጣ ሳይደብቅ ተናገረ። በመጨረሻም ቤተሰቦቿ ርብቃን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄድ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ እርሷም ፈቃዷን ራሷ ተናገረች። በዚህ ታሪክ ጸሎት፣ በሥራ የታየ ጠባይ፣ ግልጽነት፣ የቤተሰብ ምስክርነትና የልጅቱ ፈቃድ በአንድነት ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 27 ደግሞ ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ልጁን ለመለየት ሲሞክር እናያለን። የሰማው ድምፅ አጠራጥሮት ነበር፤ ነገር ግን በእጁ የዳሰሰው የፍየል ጠጕር አሳመነው። ጥርጣሬው ትክክል ነበር፤ ጥርጣሬውን እስከ መጨረሻው አለመከተሉ አሳሳተው። በስልክ ከተታለሉ ሰዎችም ብዙዎቹ «አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር» ይላሉ። ቅር ያለንን ነገር በሌላ ሰው ዓይን ማስመርመር እምነት ማጣት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው።

ያዕቆብም በምዕራፍ 29 ሰባት ዓመት ካገለገለ በኋላ በሠርጉ ማግሥት ያገኘው የፈለጋትን ራሔልን ሳይሆን ልያን ነበር። ሌሊቱ የሸፈነውን ጧት ገለጠው። የስልክ ገጽም እንደዚያ ሌሊት ነው፤ ጧቱ ከተክሊል በፊት እንዲመጣ ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።

፬. ካህኑና ሰበካ ጉባኤው ሊያውቋቸው የሚገቡ አራት አደጋዎች

ሀ. ሐሰተኛ ማንነትና የገንዘብ ጥያቄ። አታላዩ የሌላን ሰው ፎቶ ይወስዳል፤ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም በውጭ አገር የሚኖር ሰው ነኝ ይላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለ ጋብቻ ይናገራል። በቪዲዮ እንነጋገር ሲባል ካሜራው ተበላሽቷል ወይም ሥራ ላይ ነኝ ይላል። ነገሩንም ለማንም እንዳትናገር ይለምናል። ከዚያ የገንዘብ ጥያቄ ይመጣል፤ ታመምኩ፣ ለቪዛ ጎደለኝ፣ የላክሁልሽ ስጦታ በጉምሩክ ተይዟልና ቀረጥ ክፈይ ይላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በአንድ አፍታ ከወረታ ወደ የትም ስለሚደርስ ለመጸጸት እንኳ ጊዜ የለም። በዐረብ አገር የሚሠሩ እኅቶቻችን ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳሉ፤ አገር ቤት ያለ ሰው «ቤት እየሠራሁልን ነው» እያለ የላባቸውን ዋጋ ለዓመታት ሲቀበል ኖሮ ሲመለሱ ቤቱም ሰውየውም የማይገኙበት ጊዜ አለ። ለዚህ የሚሆነው ምክር አጭር ነው፤ በአካል ላላዩት፣ ቤተሰቡንም ላላወቁት ሰው ገንዘብ አይላክም።

ለ. በምስል ማስፈራራት። በመተማመን የተላከ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ፍቅሩ ሲያልቅ መሣሪያ ይሆናል። «ገንዘብ ካልሰጠሽኝ»፣ «ካልመጣሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ» ይባላል። ዛሬ ምስል ያልላከች ሴት እንኳ ፊቷ ከሌላ ሰው አካል ጋር ተገጣጥሞ ልትፈራራ ትችላለች። ይህ የጓዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሰውን ማስፈራራትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል።

ሐ. ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ በስልክ «ተፈቅራለች» ማለት ለጋብቻ ደርሳለች ማለት አይደለም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው ዕድሜዋ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። አንዳንድ ወላጆች «በስልክ ከምትባልግ» ብለው ልጃቸውን ለመዳር ይቸኩላሉ። አንዱን አደጋ በሌላ አደጋ መሸሽ ግን ልጅቱን ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው። ልጅን በስልክ የሚያባብል አዋቂ ሰው የሚጠየቀው በሕግ እንጂ በሠርግ አይደለም።

መ. በጋብቻ ተስፋ መሰደድ። «ነይ፣ እዚህ እንጋባለን» የሚል መልእክት የሕገ ወጥ ዝውውር መግቢያ ሊሆን ይችላል። መንገዱን የሚያመቻቸው ሰው ፓስፖርቷን እኔ ልያዝ ካለ፣ ለቤተሰብ እንዳትናገር ካስጠነቀቀ፣ ወይም የጉዞው ወጪ በኋላ ሠርታ የምትከፍለው ዕዳ ከሆነ ይህ ሰው ሙሽራ አይደለም። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀል በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ነው።

፭. የመጀመሪያው ቃል

ከአራቱ አደጋዎች ሁሉ ሁለተኛው ወደ ንስሐ አባት ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ምክንያቱም እፍረት ነው። ምስሏ በሌላ እጅ ያለባት ልጅ ለእናቷ ብትናገር እናቷ ትሰበራለች፤ ለአባቷ ብትናገር ምን እንደሚከተል አታውቅም፤ ለካህኑ ብትናገር ትገሠጻለች ብላ ትፈራለች። አስፈራሪውም የሚተማመነው በዚሁ ዝምታ ነው። ዝምታዋ በረዘመ ቁጥር የሚጠየቀው ገንዘብ ይበዛል፤ ተስፋዋም ይመነምናል፤ በሕይወቷ ላይ እስከ መጨከን የምትደርስም አለች።

ስለዚህ ከካህኑ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል የሰው ሕይወት ሊያድን ወይም ሊያሳጣ ይችላል። «ለምን ላክሽ?» የሚለው ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆይ። የመጀመሪያው ቃል «መንገርሽ መልካም ነው፤ ብቻሽን አይደለሽም» የሚል ይሁን። ንስሐ የራሱ ጊዜና ሥርዓት አለው። በዚያች ሰዓት ግን እየተበደለች ያለችው እርሷ ናት፤ በዳዩም የሚያስፈራራት ሰው ነው።

ቀጥሎ ያለው ምክር ተግባራዊ ነው። አንደኛ፣ ገንዘብ አይከፈል፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው ደግሞ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ መልእክቶቹ አይጥፉ፤ የአስፈራሪው ስም፣ የስልክ ቁጥርና የጻፈው ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ ማስረጃ ይሆናልና። ሦስተኛ፣ የይለፍ ቃል ይቀየር፤ ከሰውየው ጋር የሚደረገው ንግግር ይቋረጥ። አራተኛ፣ በእርሷ ፈቃድ አንድ የምታምነው የቤተሰብ አባል ይታከልና አብረው ወደ ፖሊስ ይሂዱ፤ ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም እርዳታ መጠየቅ ይቻላል። አምስተኛ፣ ካህኑ ወይም የታመነ ሰው በቀጣዮቹ ቀናት ደኅንነቷን ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ድንበር አለ። በኑዛዜ የተነገረ ነገር ለማንም፣ ለሰበካ ጉባኤም ቢሆን፣ አይነገርም። ጉባኤው በስም የሚያውቀው ባለጉዳይዋ ራሷ ወደ ጉባኤው ስታመጣው ብቻ ነው። ጉባኤው እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲቀርብለት በሙሉ ስብሰባ ከማንበብ ይልቅ ለሁለት ወይም ሦስት ምስጢር ጠባቂ አባላት ይስጠው፤ ከእነርሱም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ምስሉን «ለማየት» መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም።

፮. ሰበካ ጉባኤው የሽማግሌውን ሥራ እንዴት ይተካል?

ብዙ ጊዜ የማናስተውለው አንድ ሀብት አለን። ቤተ ክርስቲያናችን ከሀገረ ስብከት እስከ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከወረዳ ቤተ ክህነት እስከ አጥቢያ የተዘረጋ መዋቅር አላት። ሽማግሌው ሊደርስበት የሚችለው እግሩ እስከሚደርስበት ነበር፤ አጥቢያ ግን ለአጥቢያ ደብዳቤ ሲጽፍ አገር ሁሉ ቅርብ ነው። በማንኛውም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሌለ፣ በውሸትም ለመሥራት የሚያስቸግር ጥያቄ አለን፤ «አጥቢያህ የት ነው? የንስሐ አባትህስ ማን ናቸው?» የሚል ነው። ስለዚህ የሚከተለው አካሄድ ለውይይት ቀርቧል።

1. ጥያቄው በጊዜ ይቅረብ። በጥር መጋባት የሚፈልጉ ጥንዶች ቢቻል ከመስከረም ጀምሮ፣ ቢዘገይ አዝመራው ሳይሰበሰብ ለንስሐ አባታቸው እንዲያሳውቁ በሰንበት ትምህርት ቤትና ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው በጥድፊያ የተሠራ ነገር ማጣሪያ ጊዜ አያገኝም።

2. የንስሐ አባት ለንስሐ አባት ይጠይቅ። ከሌላ አጥቢያ የመጣ ተጋቢ የሰበካ ጉባኤ አባልነቱን የሚገልጽ ማስረጃ ያምጣ። ማስረጃውን ያመጣው ራሱ ባለጉዳዩ ከሆነ ካህኑ በወረዳ ቤተ ክህነት በኩል የአጥቢያውን ስልክ አግኝቶ ያረጋግጥ። ቀድሞ ተጋብቶ እንደ ነበር፣ ልጅ ያለውና የሌለው መሆኑ፣ ትዳሩም በሕግ የፈረሰ መሆኑ ይጠየቅ።

3. ቤተሰቦች በአካል ይገናኙ። ርቀት ካለ ከእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ አንድ ሰው ወደ ሌላው ቤት ይሂድ። በውጭ አገር ያለ ወገን ከሆነ ቤተሰቡ በአገር ውስጥ ይገኛል፤ የሚኖርበት አገር የእኛ ቤተ ክርስቲያን ካለችበትም በዚያ ያለ ካህን ሊጠየቅ ይችላል። ሁለቱ ራሳቸው ከሠርጉ በፊት በአካል ሳይተያዩ የጋብቻ ቀን አይወሰን።

4. ልጅቱ ለብቻዋ ትጠየቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ያዝዛል፤ ፍትሐ ነገሥታችንም በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የተጋቢዎችን ፈቃድ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በአባትና በእጮኛ ፊት «ፈቅደሻል?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ ሌላ መልስ ለመስጠት ይከብዳታል። ካህኑ ለእርሷ፣ ቀጥሎም ለእርሱ፣ የተለየ ጊዜ ይስጥ። ዕድሜዋ በልደት ማስረጃ ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ ይረጋገጥ።

5. የጤና ምርመራ አይዘለል። ከጋብቻ በፊት ሁለቱም የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርጉ መምከር በብዙ አጥቢያዎች የተለመደ ነው። በስልክ የተዋወቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ያለፈ ሕይወት የሚያውቀው በተነገረው መጠን ብቻ ስለ ሆነ ምክሩ ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ውጤቱ የሁለቱ ምስጢር ነው፤ ጉባኤው አይጠይቅም።

6. የዲያቆናት ጉዳይ ልዩ ትኩረት ያግኝ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በተክሊል ማግባት ስላለበት «ቶሎ አግባ» የሚል ግፊት ይበዛበታል። በዚህ ግፊት ፎቶ አይቶ የወሰነ ዲያቆን ስህተቱ ከራሱ አልፎ ለአገልግሎቱም ይተርፋል። መምህራንና አለቆች ከማስቸኮል ይልቅ ቢያግዙት ይሻላል።

፯. በስልክ የሚኖሩ ባለትዳሮች

ጥያቄው ከሠርግ በፊት ያለውን ብቻ አይመለከትም። ባል በመተማ፣ ሚስት በወረታ፤ ወይም ሚስት በቤሩት፣ ባል ልጆቹን ይዞ በሜዳው የሚኖሩበት ቤት ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ትዳራቸውን የሚጠብቁት በስልክ ነው። ለምን አላነሣሽም፣ ለምን ሌሊት ኦንላይን ነበርክ፣ ይህን ፎቶ የወደደችው ማን ናት በሚሉ ጥያቄዎች የሚጀመር ጥርጣሬ ትዳር እስከ ማፍረስ ይደርሳል።

አንዱ የሌላውን ስልክ በድብቅ መበርበር ሰላም አያመጣም፤ የጠረጠረ ሰው የሚፈልገውን እስኪያገኝ ይበረብራልና። የሚሻለው አስቀድሞ መስማማት ነው። ጥንዶቹ መቼ እንደሚደዋወሉ ይወስኑ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ በማን በኩል እንደሚጠያየቁ ይስማሙ፤ የሚላከው ገንዘብ ለምን እንደሚውል በግልጽ ይነጋገሩ፤ የቤታቸውን ጠብም በፌስቡክና በቲክቶክ ላይ ላለማውጣት ይማማሉ። በአደባባይ የተለጠፈ ስድብ ይቅር ቢባል እንኳ ከሰው ስልክ አይጠፋም። የንስሐ አባትም ከሄደው ወገን ጋር ንግግሩን አያቋርጥ፤ በበዓላት ቀን አንድ ጊዜ ደውሎ መባረክ ለስደተኛዋ ትልቅ መጽናናት ነው። ስልኩ ለዚህም ያገለግላልና።

፰. ለውይይት

የሚከተሉት ሁኔታዎች ለትምህርት ተብለው የተዘጋጁ ምሳሌዎች ናቸው። በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ አንዱን መርጣችሁ ተወያዩበት።

አንደኛ ምሳሌ። የ22 ዓመት ልጅ በቴሌግራም ከተዋወቀችው ሰው ጋር በጥር ልትጋባ ነው። ሰውየው አዲስ አበባ ነኝ ይላል። የአጥቢያውን ስም ሲጠየቅ አንድ ጊዜ አንዱን፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን ይጠራል። የልጅቱ አባት ድግሱን ጀምረዋል። ካህኑ ምን ይበል? ለማን አስቀድሞ ይበል?

ሁለተኛ ምሳሌ። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ከመዝሙር ቀረች። ጓደኛዋ «ፎቶዋን እለቃለሁ ያላት ሰው አለ» ብላ ለአንድ የጉባኤ አባል ነገረች። ልጅቷ ራሷ ግን አልተናገረችም። አባሉ ምን ያድርግ? ምን አያድርግ?

ሦስተኛ ምሳሌ። አባት የ16 ዓመት ልጃቸውን በስልክ ከአንድ ወጣት ጋር ስትነጋገር አገኟት። «ስሟ ሳይጠፋ እንዳራት» ብለው ወደ ንስሐ አባታቸው መጡ። የአባትየው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን በሕግም በሃይማኖትም አይፈቀድም። ፍርሃታቸውን ሳይንቅ መፍትሔያቸውን የሚከለክል ምክር እንዴት ይሰጣል?

ከውይይቱ በኋላ ጉባኤው ሦስት ነገሮችን በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር መልካም ነው፤ የጋብቻ ጥያቄ እስከ መቼ እንደሚቀርብ፣ ምስጢር የሚጠብቁት አባላት እነማን እንደ ሆኑ፣ በአደጋ ጊዜ የሚደወልላቸው የፖሊስና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስልኮች በማን እጅ እንደሚቀመጡ።

ማጠቃለያ

ስልኩ ከሽማግሌው በፊት ደርሷል፤ ይህን መመለስ አንችልም። ነገር ግን ከሽማግሌው በፊት መድረሱ ሽማግሌው አያስፈልግም ማለት አይደለም። የመልእክቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ፣ ልጅቱን የሚያዳምጥ፣ የተሸበረችውን ሳይገፋ የሚቀበል፣ ሁለቱን ቤተሰቦች ፊት ለፊት የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው በእያንዳንዱ አጥቢያ አለ፤ በንስሐ አባቶች መካከል፣ በጉባኤው አባላት መካከል፣ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበራት እናቶች መካከል ይገኛል። የሚቀጥለው የሩዝ አዝመራ ሳይሰበሰብ፣ የጥርም ሠርግ ሳይጠራ፣ ሥራውን ለእርሱ ማስረከብ የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።